ነጩ ማራችንና የላብራቶሪው ወረቀት



በላሊበላም ሆነ በወገል ጤና ገበያ ማር የሚገዛ ሰው ቀምሶ ይወስናል። የላስታ ነጭ ማር በዚህ ፈተና አይወድቅም። የውጭ ገዢ ግን የሚያምነው ወረቀት ነው። በሐላል ሥጋም የምናውቀው ነገር ነው፤ ሩቅ ያለ ገዢ ዕርዱን አያይም፣ ማኅተሙን ያያል።

ኢትዮጵያ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት መላክ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር የገባችው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ለዚህ የሚጠየቀው ጣዕም ሳይሆን በማር ውስጥ የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ቅሪትን የመቆጣጠሪያ ዕቅድ ነው። ከዚያ በኋላ ተራው የላኪው ድርጅት ነው፦ በመደበኛው ደንብ ውሃው ከ20 በመቶ፣ ኤችኤምኤፍ የሚባለው ንጥረ ነገር ደግሞ በኪሎ ከ40 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ኤችኤምኤፍ ማር ሲሞቅና ሲቆይ ይጨምራል። ስለዚህ የረጋውን ነጭ ማር እሳት ላይ ጥዶ የሚያቀልጥ ሰው ሳያውቀው ገበያውን ይዘጋል። በለብታ ውሃ፣ በቴርሞሜትር እየተቆጣጠሩ ማቅለጥ ይቻላል፤ እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር ልጆች ልንሠራው የማንችለው መሣሪያም አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው መዝገቡ ነው። የሦስት መንደር ማር በአንድ ጄሪካን ተቀላቅሎ ቅሪት ቢገኝበት፣ ከማን ቀፎ እንደመጣ ማንም መለየት አይችልም፤ የንጹሑ ገበሬ ማርም አብሮ ይመለሳል።