ያውቁ ኖሯል? «የፕላስቲክ ሽጉጥ» እና የቦሌ ፍተሻ

ግሎክ የተባለው የኦስትሪያ ሽጉጥ «ፕላስቲክ ስለሆነ የኤርፖርት ፍተሻ ያልፋል» የሚለው ወሬ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ዓለምን ዞሯል። ወሬው ከሥሩ ሐሰት ነው። ፕላስቲኩ በዋናነት እጀታውና የታችኛው አካሉ ነው። አፈሙዙ፣ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የላይኛው ክፍልና ሞላዎቹ ብረት ናቸው፤ በፕላስቲኩ ውስጥ እንኳ የብረት ሐዲድ ተቀብሯል። ሻንጣው ቦሌ ላይ ኤክስሬይ ውስጥ ሲገባ ልብስና ምግብ ስክሪኑ ላይ ብርቱካንማ፣ ብረት ግን ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ የሽጉጡ ቅርጽም በግልጽ ይለያል። በካዝናው ያለው ጥይትም ቢሆን ብረታ ብረት ነው።

«ታዲያ ፕላስቲኩን የፈለሰፈው ግሎክ አይደለም?» ለሚል፣ አይደለም። የጀርመኑ ኩባንያ ሄክለር ኡንድ ኮክ በ1970 ፕላስቲክ አካል ያለውን ቪፒ70 አውጥቷል። ሲተኮስ አፈሙዙ ዘንበል ብሎ ከላይኛው ክፍል የሚላቀቅበት ስልትም የአሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ነው፤ በኮልት 1911 ሽጉጥ ገንኗል። ከቀደሙት መዋስ በሌሎች ሽጉጦችም የታየ ነው፤ በደርግ ዘመን በመኮንኖች ወገብ ላይ የታየው የሶቪየቱ ማካሮቭም ከጀርመኑ ዋልተር ፒፒ (1929) ብዙ ወርሷል። ይህን አይቶ የግሎክን ፈልሳፊ ጋስተን ግሎክን «የሰው ሥራ ቀዳ» ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የእርሱ ድርሻ የተበታተነውን ማዋሐዱ ነው፦ በ1982 የኦስትሪያ ጦር የመረጠው ግሎክ 17 ቀላል አካል፣ 17 ጥይት የሚይዝ ካዝናና ከቃታው መሐል የምትወጣ ትንሽ ምላስ ነበረው። ጣት ምላሷን ካልተጫነ ቃታው አይሳብም።