ወላጅ ቪዛ በተከለከለ ጊዜ
ልጆቻቸው በአሜሪካ አገር ተቀምጠው ወላጆቻቸው በአገር ቤት የቀሩ ቤተሰቦች ዛሬ እጅግ ብዙዎች ናቸው። ልጅ ወልዶ ክርስትና በሚያስነሣበት ጊዜ እናቱ ከአጠገቡ እንድትቆም ይመኛል፤ እናትም በስልክ መስታወት ብቻ ያየችውን የልጅ ልጇን አቅፋ ለመሳም ትናፍቃለች። ስለዚህ ገንዘብ ተከፍሎ፥ ፎርም ተሞልቶ፥ ቀጠሮ ተይዞ በአዲስ አበባ ወደሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ይኬዳል። ከጥቂት ደቂቃ ጥያቄ በኋላም ፓስፖርቱ ከአንዲት ወረቀት ጋር ይመለሳል፤ አልተፈቀደም።

በዚያ ቀን በሽማግሌ ወላጅ ልብ የሚያድረው ኀዘን ቀላል አይደለም። በርበሬው ተፈጭቶ፥ ሽሮው ተሰናድቶ፥ ጎረቤት ሁሉ «በሰላም ያግባዎ» ብሎ መርቆ ሳለ መከልከል እንደ ውርደት ይቈጠራል። «በዚህ ዕድሜዬ በሰው አገር ምን ልሠራ እቀራለሁ? ዋሾ አደረጉኝ እኮ» ይላሉ። ሕጉን የተረዳ ሰው ግን ነገሩን በሌላ መልክ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ፥ በቁጥር 214 (ቢ)፥ የጉብኝት ቪዛ የሚጠይቀውን ሰው፥ ሽማግሌም ቢሆን ወጣት፥ እንደሚመለስ እስኪያስረዳ ድረስ በዚያው ለመቅረት እንደሚሄድ አድርጎ ይገምተዋል። የማስረዳቱም ሸክም የአመልካቹ ነው። እንግዲህ ወረቀቱ «ዋሽተዋል» አይልም፤ «እንደሚመለሱ አላስረዱኝም» ይላል እንጂ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ነው፤ ይህንንም ለወላጅ በእርጋታ መንገር የልጅ ፈንታ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን በወረቀቱ ላይ የተጠቀሰው ቁጥር የትኛው እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። 221 (ጂ) የሚል ከሆነ ጉዳዩ ገና አልተዘጋም፤ የጎደለ ማስረጃ ተጠይቆ እንደ ሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያቀርቡት አዲስ ክፍያ አይጠየቅም። 214 (ቢ) የሚል ከሆነ ግን ይግባኝ የለውም። እንደ ገና ለማመልከት የሚከለክል ቀን አልተወሰነም፤ ሆኖም ፎርሙ በአዲስ ይሞላል፥ ከ2023 ወዲህ 185 ዶላር የሆነው ክፍያም በአዲስ ይከፈላል፥ ቢከለከልም አይመለስም። ቀድሞ ዕድሜያቸው ከ79 በላይ የሆኑ ሰዎች ከቃለ መጠይቅ ነፃ የሚሆኑበት መንገድ ነበረ፤ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ግን እነርሱም በአካል መቅረብ አለባቸው።

ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ሳምንት ውስጥ ደግሞ መጀመር፥ ያንኑ ወረቀትና ያንኑ ቃል ይዞ መቅረብ፥ በእኛ አሳብ ገንዘብን መበተን ነው። መጠየቅ የሚገባው፥ «ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? ወይስ ያልተነገረ ምን ነበረ?» ተብሎ ነው። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው፤ የደመወዛቸውን ማስረጃ፥ የባንክ ሒሳባቸውንና የጥሪ ደብዳቤያቸውን ይቈልላሉ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ራሱ ለጉብኝት ቪዛ የጥሪ ደብዳቤም ሆነ የድጋፍ ቃል ወረቀት እንደማያስፈልግ ያስታውቃል። እንዲያውም የልጅ ሀብት ሲገን፥ ወላጅ የሚጦሩት በዚያ እንደ ሆነ ሊመስል ይችላል። የሚመዘነው ወላጅን ወደ አገር የሚስባቸው ነገር ነው፤ በቤት የሚቀሩ ባለቤት፥ በአገር ያሉ ሌሎች ልጆች፥ የቤት ካርታ፥ የመሬት ይዞታ ደብተር፥ የጡረታ ደብተር፥ የሚከራይ ሱቅ። ኢየሩሳሌምን ተሳልመው በጊዜው የተመለሱ እንደ ሆነ፥ ማኅተሙ ያለበት አሮጌ ፓስፖርት መልካም ምስክር ነው፤ ከሣጥን ይውጣ።

ከወረቀት ይልቅ ግን የሚበልጠው ቃል ነው። ቆንስሉ «መቼ ይመለሳሉ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ እናታችን እንደ ልማዳቸው «እግዚአብሔር ያውቃል» ይላሉ። «ስንት ወር ይቀመጣሉ?» ሲባሉም «ልጄ ያውቃል፤ እሱ እንዳለኝ» ይላሉ። ይህ በእኛ ዘንድ ትሕትናና እምነት ነው፤ ነገን በራስ ሥልጣን መቍረጥ ድፍረት ስለ ሆነ። በሕጉ ፊት ለቆመው ሹም ግን «መመለሴን አላውቅም» ማለት ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ ቀኑንና ምክንያቱን አስቀድመው፥ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ቢያስከትሉ ከእምነታቸው ምንም አይጎድልም፤ «ለክርስትናው እሄዳለሁ፤ ሁለት ወር ተቀምጬ፥ መከር ሳይደርስ፥ እግዚአብሔር ቢፈቅድ እመለሳለሁ» ቢሉ ይበቃል። ይህን ማሳሰብ እንጂ እንደ ውዳሴ ማርያም ቃል በቃል ማስጠናት አይገባም፤ የተጠና ቃል ከአረጋዊ አፍ ሲወጣ ወዲያው ይታወቃልና።

ፎርሙን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም የጽሕፈት ሱቅ ሠራተኛ ነው፤ ወላጅ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሳያውቁት ይጠየቁበታል። ከመላኩ በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ይነበብላቸው። የልደት ዘመን ሲመለስ ከመስከረም መባቻ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት ዓመት፥ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት እንደሚጨመር መርሳት አይገባም፤ ሁሉም ከፓስፖርቱ ጋር ይስማማ። «ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለው ያውቃሉን?» ለሚለው መልሱ «አዎን» ነው፤ የፊተኛው ክልከላ በመዝገብ ስላለ መደበቅ ከንቱ ነው። ልጅ ለወላጁ የመኖሪያ ፈቃድ አመልክቶለት እንደ ሆነ ይህም ይጻፋል።

የምናስጠነቅቀው ከሁሉ አብልጠን ስለ ደላላው ነው። «የባንክ ደብተር አሠራለሁ፤ ልጅ እዚያ የለኝም ብለው ይጻፉ» የሚል ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ በሐሰት ማስረጃ የተገኘ አመልካች ግን ለዕድሜ ልክ ሊታገድ ይችላል። ክልከላ ሊሻር ይችላል፤ ይህ እገዳ ግን ልጁ ዜጋ ሆኖ ወላጁን ለመውሰድ በሚያመለክትበት ቀን እንኳ ፊቱ ይቆማል። ሰማንያ ዓመት በቃላቸው የታመኑ እናት ያልተረዱትን ሐሰት እንዲፈርሙ ማድረግ እኛ ከክልከላው ይልቅ የምንፈራው ነው።

ቪዛው በተፈቀደ ጊዜም የመቀመጫውን ቀን የሚወስነው በመግቢያው በር ያለው ሹም ነው። «ትንሽ ይቈዩልን» እያሉ ከተሰጠው ቀን ማሳለፍ ለሚቀጥለው ጉዞ መሰናክል ነው፤ ከ180 ቀን በላይ ያሳለፈ ሰው ከወጣ በኋላ ሦስት ዓመት፥ አንድ ዓመት ያሳለፈም ዐሥር ዓመት እንዳይገባ ይታገዳል።

ሁለት ጊዜ ተከልክለው ነገራቸው ያልተለወጠ ወላጆች ካሉ ግን፥ ለሦስተኛው ክፍያ የሚወጣውን ልጅ ለራሱ መንገድ ቢያውለው ይሻላል። በዚያ አገር የተወለደ ሕፃን የአሜሪካ ፓስፖርት ሲወጣለት አባትም እናትም ሊስማሙ ይገባልና፥ ይህን አስቀድሞ ጀምሮ፥ አያቲቱ ወደሚኖሩበት ቤት ሕፃኑን ይዞ መምጣት ይችላል።