ያውቁ ኖሯል? ሙቀት ከጋቢ እስከ ምጣድ

ጋቢ በራሱ እንደማያሞቅ ያውቁ ኖሯል? የሚያሞቅዎ የገዛ ሰውነትዎ ነው። በጋቢው አራት ድርብና በክሮቹ መሐል የተያዘው አየር ሙቀትዎ ቶሎ እንዳያመልጥ ይከለክላል፤ የማይነቃነቅ አየር ሙቀት የሚያሳልፈው እጅግ በዝግታ ነውና። ጋቢው ዝናብ ከመታው ግን የአየሩን ቦታ ውሃ ይይዘዋል። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያሳልፋል።

ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ወደ ዙሪያው ይለቃል። 40 ሰው የታደመበት ድንኳን ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደተጣደ ይቁጠሩት።

ማለዳ ላይ የብረት ወንበር ከእንጨቱ ይልቅ የሚቀዘቅዝ ይመስላል። ቴርሞሜትር ቢያስጠጉ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ብረቱ የሰውነትዎን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። ከዚያ በኋላ እሳት ቢጨምሩበት ቶሎ ይተናል እንጂ ግለቱ አይጨምርም። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ ብዙ እሳት የሚፈጁት ለዚህ ነው። ራስ ዳሸን አናት ላይ ቢጣድማ በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፒን በ1679 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የፕሬዠር ኩከር ዘዴ ይህንን ይፈታል፤ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር አዲስ አበባ ላይም ውሃው ከ110 ዲግሪ ያልፋል።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ ከሚፈጀው ሙቀት ይልቅ፣ ያው ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ የሚፈጀው ከሰባት እጥፍ ይበልጣል። ከሰል በተወደደበት ዘመን ድስት ሳይከድኑ ማንተክተክ ትልቅ ብክነት ነው።

እንጀራ ሳይገለበጥ ላዩ እንዴት እንደሚበስል አስበውበት ያውቃሉ? ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲፈስ ታቹ ከሸክላው በቀጥታ ሙቀት ይቀበላል። በቡኮው ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝና ከሊጡ የሚነሣው እንፋሎት ሽቅብ ሲወጡ ዓይኖቹን እየበሱ ያልፋሉ። ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎው ይደፋል። የታፈነው እንፋሎት ቀዝቀዝ ያለውን የእንጀራውን ፊት ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሲተን የወሰደውን ሙቀት ሁሉ እዚያው ያስረክባል። ታቹ በሸክላ፣ ላዩ በእንፋሎት ይበስላል ማለት ነው። ሸክላው ወፍራም በመሆኑ ለመጋል ጊዜ ይፈጃል፤ አንዴ ከጋለ ግን ቶሎ አይበርድም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን እንጀራዎች ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ በቀረው ግለት ማውጣት ይቻላል። ለተማሪ ስለ ሙቀት ለማስረዳት ከምጣድ የተሻለ መሣሪያ ያለ አይመስለኝም፤ በፊዚክስ መጻሕፍታችን ሰፊ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

በጣም በጋለ የብረት ምጣድ ላይ ጠብ ያለች ውሃ ወዲያው በመትነን ፈንታ ተድቦልቡላ ወዲያ ወዲህ ትሯሯጣለች። ከሥሯ የተነሣው እንፋሎት ከብረቱ ከፍ አድርጎ ይይዛታል። ጀርመናዊው ሐኪም ዮሐን ላይደንፍሮስት በ1756 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ነገር ጽፏል፤ ክስተቱም በስሙ ይጠራል።

አየሩ በሰው ቁመት ልክ 3 ዲግሪ እያለ ሣሩ ላይ ውርጭ ሊወርድ ይችላል። ሰማዩ ጥርት ባለበት የኅዳር ሌሊት መሬት ሙቀቷን በጨረር ሽቅብ ትለቃለች፤ የሚመልስላት የለም። ደመና ካለ ግን እርሱም በበኩሉ ወደ ታች ሙቀት ስለሚለቅ ሌሊቱ ይለዝባል። የቆርቆሮ ጣሪያም እንዲሁ ነው፤ ከዙሪያው አየር በታች ይቀዘቅዝና በትንፋሻችን ውስጥ የነበረው እርጥበት ከሥሩ ጠል ሆኖ ያድራል።

የከሰል ማንደጃ ፊት የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሲግል ጀርባው ይበርደዋል፤ አብዛኛው ሙቀት የሚደርሰው በጨረር፣ በቀጥታ መስመር ስለሆነ ነው። ጀርባን ለማሞቅ ተብሎ ግን በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማሳደር አይገባም። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ መልቀቁን አያቆምም። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። «ጭሱ ወጥቶለታል» ብለው ልጆች ወደተኙበት ክፍል ማንደጃ አያስገቡ።

እንፋሎት በተመሳሳይ ዲግሪ ካለ ውሃ የከፋ ያቃጥላል፤ ቆዳ ላይ ውሃ ሲሆን እንጀራውን ያበሰለውን ያንኑ ሙቀት ያራግፋል። የተቃጠለ ቆዳ ከእሳቱ ከራቀ በኋላም ሙቀቱ ወደ ውስጥ መዝለቁን ይቀጥላል። ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አያወጣውም። የሚያወጣው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ በረዶ ሳይሆን የቧንቧ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ ይፍሰስበት። ቃጠሎው ሰፊ ወይም ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም ይውሰዱ።