ሪፈሩ ለምን አዲስ አበባ ይላል?

ጦሳ ሥር ያለች ከተማ ዳገት አያጣትም። ደሴ ላይ አንዳንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጥቂት ይራመድና መንገድ ዳር ቁጢጥ ይላል። ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፤ ትንፋሹ መለስ ሲልለት ተነሥቶ ይቀጥላል። ጓደኞቹ ሰነፍ ይሉታል። ልጁ ግን ማንም ሳያስተምረው ራሱን እያከመ ነው፦ ቁጢጥ ሲል የእግሩ ደም ሥሮች ይታጠፉና ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም በርከት ይላል። የሕፃናት ልብ ሐኪም ይህን አቀማመጥ ካየ ስቴቶስኮፑን ሳያወጣ አብሮ የተወለደ የልብ ሕመም ይጠረጥራል።

ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚጻፈው ሪፈር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ደሴ ትልቅ ሆስፒታል አላት፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ሐኪም ያሠለጥናል። ታዲያ የሕፃናት ልብ ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ የቀረው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው የሕንፃና የማሽን እጥረት ይመስለዋል። ዋናው ችግር ሰው ነው።

ሕክምና ተምሮ ለመመረቅ 6 ወይም 7 ዓመት ይፈጃል። የሕፃናት ስፔሻሊስት ለመሆን ሌላ 3 ዓመት፣ የሕፃናት ልብ ሐኪም ለመሆን ደግሞ 2 ዓመት ገደማ ይጨመራል። ይህ ሁሉ ተደክሞ እኚህ ሐኪም ገና መርማሪ ናቸው። ቀዶ ሐኪሙ ሌላ፣ ማደንዘዣ ሰጪው ሌላ፣ ልብ ቆሞ ሳለ ደሙን የሚያዘዋውረውን ማሽን የሚይዘው ሌላ፣ ሌሊቱን አልጋው አጠገብ የምታነጋው የፅኑ ሕሙማን ነርስ ሌላ። አንዱ ሲጎድል የቀሩት ቁጭ ይላሉ።

አዲስ አበባ ራሷ እዚህ የደረሰችው በስንት መከራ ነው። ዶ/ር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን የመሠረቱት በ1981 ዓ.ም ነበር፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው ማዕከል ሥራ የጀመረው በ2001 ዓ.ም። በመካከሉ ልጆች ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። ማዕከሉ ከተከፈተም በኋላ ለዓመታት ሥራው በአብዛኛው የሚደምቀው የውጭ ቡድን ሲመጣ ነበር፦ አንድ ሁለት ሳምንት ይሠራሉ፣ ሻንጣቸውን ይይዛሉ፣ ወረፋው እንደገና ይረዝማል። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ራሳቸውን ችለው መሥራት የጀመሩት ቆይቶ ነው፤ ወረፋው ግን ዛሬም በሺዎች ይቆጠራል።

ስለዚህ ደሴ ነገ የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ትክፈት ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላው የልብ በሽታ ነው፤ አብሮ ያልተወለደው። ልጅ ጉሮሮውን ያመዋል፤ «ቶንሲል ነው» ይባላል፤ አንዳንዱንም እንጥሉን ያስቆርጡታል። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ ቆይቶ መገጣጠሚያ ያሳብጣል፣ ከዚያ የልብ በሮችን ያበላሻል። ጅማ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ምንም ሕመም ከማይሰማቸው 1000 ተማሪዎች መካከል 31 ያህሉ ላይ የዚህ በሽታ ምልክት በአልትራሳውንድ ታይቷል። የተጎዳው ልብ የባሰ እንዳይበላሽ በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ርካሽ ነው።

ግን መርፌው ይፈራል። አለርጂ ይገድላል ተብሎ አንዳንድ ጤና ጣቢያ አይወጋም። አለርጂው አለ፣ ግን ብርቅ ነው፤ ከመርፌው በኋላ ከሚሞቱት ብዙዎቹን የሚገድላቸው ቀድሞውኑ የደከመው ልባቸው እንደሆነ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ነርስ ለማሠልጠን አሥር ዓመት አያስፈልግም። መርፌውን የሚያስቀረው ፍርሃት ብቻም አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሆስፒታሉ ተዘርፎ ነበር፤ አራት ሳምንት ብቻ የሚዘልቅ መድኃኒት ለሚወስድ ልጅ አንድ ወር የተዘጋ በር ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ደሴ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሚያነብ ቋሚ የሕፃናት ልብ ሐኪምና በየጤና ጣቢያው መርፌውን የማይፈራ ነርስ ነው። የቀዶ ሕክምናው ክፍል ከዚያ ይከተል። እስከዚያው፣ ወርሃዊ መርፌ የታዘዘለት ልጅ ያለዎት ወላጅ፣ ልጁ እየሮጠ ቢጫወትም ቀኑን አያሳልፉበት።