ደጅ ጥናት ወደ ቢሮ ሲገባ

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ አገሪቱ መሥሪያ ቤት አገኘች፤ እንጀራና ማዕረግ የሚገኘው ግን እንደ ቀድሞው በደጅ ጥናት ነበር። ያንን ልማድ በሕግ ለመተካት በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያስተዳድር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሐሳቡ ሠራተኛ በውድድር እንዲቀጠር፣ በሥራው እንዲያድግና አለቃው ቢሻርም እሱ ከወንበሩ እንዳይነሣ ነበር። ይህ ውጥን ሥር ሳይሰድ ደጅ ጥናቱ ከመኳንንቱ በር ወደ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ።

ደርግ በ1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓን) ሲመሠርት የአባልነት ደብተር የዕድገት መሰላል ሆነ። በኢሕአዴግ ዘመን የተጀመረው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ አንዳንድ አገልግሎቶችን ማፋጠኑ አይካድም። ይሁንና ከ1997ቱ ምርጫ በፊት ከ1 ሚሊዮን በታች የነበረው የግንባሩ አባል በ2002ቱ ምርጫ ዋዜማ ከ4 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ይህን ያህል ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ በእምነት ብቻ ገባ ማለት ይከብዳል፤ ሥራ፣ ዕድገትና የትምህርት ዕድል በዚያ በር በኩል ማለፋቸው የበለጠ ያስረዳል። አምስት ሠራተኞችን በአንድ መሪ ሥር ባሰለፈው «አንድ ለአምስት» አደረጃጀትም የሥራና የፓርቲ ግምገማ ተቀላቀለ። መታወቂያ የሚያድሰውን የቀበሌ ሠራተኛ እናስብ። የሥራ አፈጻጸም ውጤቱን የሚሞላለት ኃላፊ የፓርቲው ሰብሳቢም ከሆነ፣ መስኮቱ ፊት የቆመችው ባለጉዳይ ሰነዷ ቢሟላም «ነገ ተመለሺ» ልትባል ትችላለች፤ ሠራተኛው የሚፈራው መመሪያውን ሳይሆን ኃላፊውን ነውና።

የተመረጠ መንግሥት ፖሊሲውን የሚያስፈጽምለት ታማኝ ሰው ይፈልጋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ሚኒስትርና ሚኒስትር ዴኤታ የሚሾሙትም ለዚሁ ነው። ከዚያ በታች ያለው የግብር ሰብሳቢና የመሬት ባለሙያ ግን ታማኝነቱ ለአዋጁ ነው፤ ፖሊሲው እንደማያዋጣ ለሚኒስትሩ ሊነግረው የሚደፍረውም እንጀራው በሚኒስትሩ እጅ ያልሆነ ባለሙያ ብቻ ነው። ሌላው መከራከሪያ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ከመሥሪያ ቤት ርቀው የኖሩ ብሔሮች በውድድር ብቻ ቦታ አያገኙም የሚል ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 39 ሚዛናዊ ውክልናን መብት አድርጎታል። ነገር ግን ተዋጽኦ በታወቀ መስፈርት፣ በአደባባይ ማስታወቂያ ሊጠበቅ ይችላል። ፓርቲ መርጦ ያስገባው ሰው የሚወክለው ያስገባውን ፓርቲ እንጂ የመጣበትን ሕዝብ አይደለም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 መከላከያ ሠራዊት ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ሥራውን እንዲያከናውን ያዛል፤ ለሲቪል ሠራተኛው ግን ይህን ያህል ግልጽ ቃል አላስቀመጠም። ግንባሩ በ2012 ዓ.ም. ብልጽግና ፓርቲ ሲሆንም ክፍተቱ እንዳለ ቀረ። ገለልተኝነት በስብከት አይመጣም። ቅጥርና ዕድገት ለፓርላማ ተጠሪ በሆነ ነፃ አካል እጅ ይግባ፤ የፓርቲ ስብሰባም ከመሥሪያ ቤት ግቢ ይውጣ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው ወንበሩ ከሿሚው ጋር በሚወድቅበት አገር ነው። ወንበሩ በሕግ የጸና ሠራተኛ ለነገ ብሎ የሚሻማው ነገር አይኖርም፤ ባለጉዳይዋም ደጅ ሳትጠና ጉዳይዋን ጨርሳ ትመለሳለች።