ከመጋዘን ስሙን ያገኘ ሙዚቃ

በዚህ ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ አንድ የሠፈራችን ልጅ በነቀምቴ በበከኒሳ ቀሴ ወደሚገኘው ሱቃችን መጥቶ፣ የዲጄ መሣሪያ የሚገዛበትን ገንዘብ አሠሪዬ እንዲያበድሩት ለመነ። አሠሪዬ ቡናና ጨው፣ ቆርቆሮና ሚስማር ሲነግዱ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሰው ናቸውና «ልጄ፣ የሰው ዘፈን እያጫወቱ መኖር ደግሞ ንግድ ነውን?» ብለው ጠየቁት። ልጁ አፍሮ ዝም አለ። እኔም ጸሐፊያቸው ስለ ሆንሁ ነገሩን መርምሬ በጽሑፍ እንዳቀርብላቸው አዘዙኝ። ያቀረብሁላቸውን ለሌላውም ነጋዴ ይጠቅም ይሆናል በማለት ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ዲጄ የሚባለው ሰው፣ በመሠረቱ፣ ሌላው የሠራውን ሙዚቃ መርጦ፣ አንዱን ከአንዱ አገጣጥሞ፣ ሰዓቱንና የተሰበሰበውን ሕዝብ አይቶ የሚያቀርብ ነው። ቸርቻሪም ቢሆን ጨርቁን አልሸመነውም፤ ነገር ግን የትኛው ጨርቅ ለየትኛው ደንበኛ እንደሚስማማ ያውቃል። ለዚህ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ «ሃውስ» በሚባለው ሙዚቃ ስሙ የተጠራውን የፍራንኪ ናክልስን የሥራ ዘመን እንመልከት።

ናክልስ በ1955 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በተባለው ክፍል ተወለደ። በወጣትነቱ የጨርቅ ንድፍ ተምሮ ነበር፤ ነገር ግን ከጓደኛው ከላሪ ሌቫን ጋር በየዳንስ ቤቱ ሸክላ ማጫወት ልቡን ወሰደው። ሮበርት ዊሊያምስ የተባለ ሰው በቺካጎ ከተማ፣ በጄፈርሰን መንገድ፣ በአንድ አሮጌ የፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ለከፈተው የዳንስ ቤት አጫዋች ሲፈልግ አስቀድሞ ሌቫንን ጠየቀ። እርሱ እምቢ ስላለ ዕድሉ በ1977 ለናክልስ ደረሰ። ቤቱ «ዌርሃውስ» ይባል ነበር፤ ይኸውም በአማርኛ መጋዘን ማለት ነው። ወደዚያ የሚመጡት በአብዛኛው በሌላው ስፍራ በቀለማቸውና በአኗኗራቸው ምክንያት ፊት የሚነሷቸው ወጣቶች ነበሩ።

በጁላይ 12 ቀን 1979 በቺካጎ በአንድ የቤዝቦል ሜዳ፣ ዲስኮ የተባለውን ሙዚቃ የጠሉ ሰዎች የሸክላ ክምር በፈንጂ አቃጠሉ። ሸክላ አሳታሚ ኩባንያዎችም ከዲስኮ እጃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። አምራቹ ሲያቆም ቸርቻሪው ምን ያደርጋል? እኛስ የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ዕቃ ሲቋረጥብን ምን እናደርጋለን? ናክልስ ያለውን አሮጌ ሸክላ ወደ ቴፕ ገልብጦ፣ ቴፑን እየቆረጠና እየቀጠለ፣ ሕዝቡ የሚወድደውን ክፍል አስረዝሞ እንደ አዲስ ዕቃ አቀረበ።

በ1983 ገደማ ደግሞ የከበሮ ድምፅ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ገዛ። ይህን መሣሪያ፣ ቲአር 909 የተባለውን፣ የሠራው ሮላንድ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ ገበያው ስላልቀናው 10,000 ያህል ብቻ ሠርቶ በ1985 አቁሞታል። ድሆቹ የቺካጎ ልጆች ግን ያገለገለውን በርካሽ እየገዙ ሙዚቃቸውን ሠሩበት፤ ዛሬ ይኸው የወደቀ ዕቃ ከመጀመሪያ ዋጋው እጅግ በላቀ ገንዘብ ይሸጣል። በመጋዘናችን ጥግ ለዓመታት የተኛውን ፋኖስ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

የሙዚቃው ስም እንዴት እንደ ወጣ ደግሞ ነጋዴ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ነው። ደንበኞች ማታ በዳንስ ቤቱ የሰሙትን ሸክላ በማግሥቱ ፍለጋ ወደ መደብር ይሄዱ ነበር። በቺካጎ የሚገኝ «ኢምፖርትስ» የተባለ ሸክላ መሸጫ ይህን አስተውሎ «በዌርሃውስ እንደ ተሰማው» የሚል ጽሑፍ በመደርደሪያው ላይ ለጠፈ። ጽሑፉ እያደር አጠረና «ሃውስ» ብቻ ሆኖ ቀረ። ዓለም ያወቀው የሙዚቃ ስም በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተወለደ እንደ ማለት ነው። የወለጋ ቡናም በየወረዳው በቅሎ ሳለ በዓለም ገበያ «ለቀምት» ተብሎ የሚጠራው በከተማችን በነቀምቴ ስም አይደለምን? እኔ ራሴ በጆንያ ላይ ምልክት ስጽፍ የኖርሁ ስለ ሆነ ይህን ነገር እንደ ቀላል አላየውም።

ዌርሃውስ የመግቢያ ዋጋውን እጥፍ ባደረገ ጊዜ ናክልስ በ1982 መጨረሻ ለቅቆ «ፓወር ፕላንት» የተባለ የራሱን ቤት ከፈተ። በኋላም ወደ ኒውዮርክ ተመልሶ ለታወቁ ዘፋኞች ሙዚቃ እንደገና የማቀናበር ሥራ ያዘ፤ በ1998 በዚሁ ሙያ የግራሚ ሽልማት ሲሰጥ የመጀመሪያው ተሸላሚ እርሱ ሆነ። በ2004 የቺካጎ ከተማ በጄፈርሰን መንገድ ላይ ስሙን ሰየመለት። በማርች 31 ቀን 2014 በ59 ዓመቱ ዐረፈ፤ የዌርሃውስም ሕንፃ በ2023 በከተማው ቅርስነት ተመዘገበ።

ይህን ሁሉ ክብር ከጻፍሁ በኋላ የሒሳቡን ነገር ብደብቅ ለአሠሪዬ ታማኝ አልሆንም። በዚያ ዘመን ከቺካጎ ወጣቶች ብዙዎቹ ሥራቸውን ለአሳታሚ ሲሰጡ የውሉን ቃል በሚገባ አልመረመሩም፤ ስንት ሸክላ እንደ ታተመም የሚቆጥርላቸው አልነበረም። ላሪ ሄርድና ሮበርት ኦውንስ የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች ትራክስ የተባለውን አሳታሚ የከሰሱት በ2020፣ የሥራቸው መብት የተመለሰላቸውም በ2022 ነው። ሙዚቃው ከወጣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

በአገራችንም በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ሸክላ ነጋዴ፣ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በውጭ አገር አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎችን አውጥቶ ከአገር ወጣ። የዘፈን ባለቤትን መብት በተመለከተ ዛሬ የሚሠራው በ2004 የታወጀው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ነው፤ ቁጥሩም በኢትዮጵያ አቆጣጠር 410/1996 ነው። ሆኖም በከተማችን በየሠርጉ የሚጫወተው ዘፈን የማን እንደ ሆነ በመዝገብ የሚይዝ ሰው እስካሁን አላየሁም።

አሠሪዬ ይህን ሁሉ እስክጨርስ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ያ ሸክላ ሻጭ ብልህ ነው፤ መደርደሪያውን ለደንበኛው አስነበበው» አሉ። ቀጥለውም «ልጁን ጥራው፤ የዕቃውን ዝርዝርና የያዘውን የሠርግ ቀጠሮ በወረቀት ጽፎ ይምጣ» ብለው አዘዙኝ።

ልጁ ሰኞ መጣ። ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ማደባለቂያ፣ ለጥር ወር ብቻ ስድስት ሠርግ፣ አንዱም በጊምቢ ከተማ። አሠሪዬ የዋጋውን ግማሽ አበደሩት፤ ውሉንም እኔው ጻፍሁ። በመጨረሻው አንቀጽ፣ ያጫወተውን ዘፈን ሁሉ ከነባለቤቱ ስም በደብተር እንዲመዘግብ የሚል ቃል ጨመርሁበት። አሠሪዬ አንብበው ሳቁ፤ ነገር ግን አልሰረዙትም።