ለብቻው የሚነግድ ሰው ዕዳውን በማን ስም ይሸከም?

በጅማ ከተማ በቦሳ ኪቶ የቡና ንግድ ለመጀመር የሚነሣ ሰው ስለ ሚዛኑ፣ ስለ መጋዘኑና ስለ ጆንያው አጥብቆ ያስባል። በማን ስም እንደሚነግድ ግን እምብዛም አያስብበትም፤ ሲጠየቅም በአንድ ትንፋሽ «ለብቻዬ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህች አጭር መልስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ትይዛለች። አንደኛው በራስ አሳብ መግዛትና መሸጥ፣ ለማንም አለቃ አለመታዘዝ ነው፤ ነጋዴው የሚመኘው ይህንን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኪሣራ በደረሰ ጊዜ ዕዳውን ብቻን መሸከም ነው፤ ይህንን የሚመኝ ሰው አይገኝም። ሁለቱ ሳይነጣጠሉ አብረው የሚሄዱ ይመስላቸዋል ብዙዎች። ሕጉ ግን ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ፣ ይልቁንም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ ሁለቱን ለመለየት የሚያስችል በር ከፍቷል። በሩ ግን የሚባለውን ያህል ሰፊ አይደለም።

የጅማ ነጋዴ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በደቡብ ምዕራቡ ክፍል ከታወቁት ገበያዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ አፍቃላ የሚባሉት የቅፍለት ነጋዴዎች በቅሎዎቻቸውን ጭነው የጊቤን ወንዝ ይሻገሩ ነበር። ወንዝ የወሰደው ወይም ሽፍታ የዘረፈው ጭነት የባለ ጭነቱ ጉዳት ነበር። ገንዘብ ያለው ሰው ጉልበትና ዕውቀት ላለው ሰው ገንዘቡን አስይዞ ትርፉን የሚካፈልበት፣ በእስልምና ሕግ ሙዳረባ የሚባለው ስምምነትም በሙስሊም ነጋዴዎች ዘንድ ከጥንት የታወቀ ነው። በዚህ ስምምነት ሥራው ያለ ጥፋት ቢከስር ባለ ገንዘቡ ገንዘቡን፣ ሠራተኛው ደግሞ ድካሙን ያጣል፤ ሠራተኛው ካጣው ድካም በላይ በቤቱና በከብቱ አይጠየቅም። በዘመኑ ቋንቋ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማለት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ፣ ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ጀምሮት እርሱ ካረፈ በኋላ አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸመው፣ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ስድስት ዓይነት ማኅበራትን አቀረበ። ከእነዚህ መካከል ለመካከለኛ ነጋዴ የሚስማማው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነበር፤ በርሱም ውስጥ ያለ ባለ ድርሻ የሚጠየቀው ባዋጣው ገንዘብ ልክ ብቻ ነው። ነገር ግን ሕጉ ቢያንስ ሁለት አባላት እንዲኖሩ አዘዘ። ለብቻው መሥራት የሚሻው ሰውም ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ በአንድ ድርሻ አስገብቶ ማኅበር አቋቋመ። ይህ የስም ማኅበርተኛ ገንዘብም ሥራም አላዋጣም። ባለቤቱ በሞተ ጊዜ ግን ከወራሾች ጋር በችሎት መቆሙ፣ የድርሻው ዋጋ በዛሬ ገበያ ይታሰብልኝ ማለቱ አልቀረም። በዚህ ምክንያት የተጣሉ ቤተ ዘመዶች ጥቂት አይደሉም።

በደርግ ዘመን ነገሩ ሁሉ ተቋርጦ ነበር፤ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የግል ነጋዴውን ካፒታል በገደብ አጠረው፤ የቡናው የውጭ ንግድም በአብዛኛው በመንግሥት ኮርፖሬሽን እጅ ገባ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ንግድ ሲከፈት ያ የ1952ቱ ሕግ ዳግመኛ ተገለጠ፤ የስም ማኅበርተኛውም አብሮት ተመለሰ። በመጨረሻ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ያለ ማንም ሁለተኛ ሰው ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቀደ። አባሉ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ ሥራውን ተረክቦ የሚቀጥል ሰውም አስቀድሞ እንዲሰየም አደረገ።

እንግዲህ ይህ ማኅበር ለቦሳ ኪቶ ነጋዴ ምን ይፈይዳል? በቁጥር ማየቱ ይሻላል። አንድ ነጋዴ አሉ እንበል፤ 300 ፈረሱላ የተፈለፈለ ቡና ገዝተዋል። በፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ጠቅላላው 5,100 ኪሎ ይሆናል። ለስሌት እንዲያመች ብቻ የኪሎው ዋጋ 200 ብር ነው ብንል ቡናው 1,020,000 ብር ወጣበት። ከዚህም 320,000 ብሩ የራሳቸው፣ 700,000 ብሩ የባንክ ብድር ነው። ቡናው በመጋዘን ሳለ ዋጋው በሩብ ቢወድቅ ሽያጩ 765,000 ብር ይሆናል፤ ባንኩ ተከፍሎ 65,000 ብር ይተርፋል፤ ወለዱ፣ የጫኝና አውራጁ ሒሳብና የመኪናው ኪራይ ገና አልተነሣም። ነጋዴው ተጎድተዋል፤ ሆኖም ዕዳ የለባቸውም። ዋጋው ከመቶ አርባ እጅ ቢወድቅ ግን ሽያጩ 612,000 ብር ብቻ ነው፤ 88,000 ብር ይጎድላል። የማኅበር ምርጫ ትርጕም የሚያገኘው እዚህች 88,000 ብር ላይ ሲደረስ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ኪሣራ በየትኛውም ስም ቢነገድ ያው ኪሣራ ነው።

እንዲህ ያለ ውድቀት አይደርስም የሚል ቢኖር የ1994 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ዓመት በዓለም ገበያ የአንድ ፓውንድ ዐረቢካ ቡና ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ፣ በከፋና በጅማ አንዳንድ ገበሬ ቡናውን ሳይለቅም በዛፉ ላይ ተወው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ያው አንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ በጅማ ያለ አቅራቢ ዛሬ የኒው ዮርክን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዶላሩንም ዋጋ መከታተል ግድ ሆኖበታል።

በግል ስማቸው ለሚነግዱት ሰው የጎደለችው 88,000 ብር ከቤታቸው፣ ከመኪናቸውና በባንክ ካለው ሌላ ገንዘባቸው ትጠየቃለች፤ በሕግ ፊት የነጋዴው ሣጥንና የቤተ ሰቡ ሣጥን አንድ ናቸውና። በባለ አንድ አባል ማኅበር ቢነግዱ ኖሮ ባለ ዕዳው ማኅበሩ ስለሆነ ከማኅበሩ ንብረት በላይ ባልተጠየቁ ነበር። ይህ በመጽሐፍ ላይ ያለው ነው። በሥራ ላይ ግን ባንኩ ባዶ ለሆነ አዲስ ማኅበር ያለ መያዣ 700,000 ብር አያበድርም። የመኖሪያ ቤቱን ካርታ ይጠይቃል፤ የባለቤቱንም የግል ዋስትና ያስፈርማል። የቤተ ሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ በሚሆንበት ጊዜ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ስለሚጠይቅ ወይዘሮዋም ይፈርማሉ። ፊርማው በተቀመጠባት ደቂቃ፣ ለዚያ ባንክና ለዚያ ብድር፣ «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለው ቃል ከማኅተሙ ላይ እንዳለ ሆኖ ከቤቱ ላይ ተነሥቷል። ብዙ ነጋዴዎች ማኅበር ካቋቋሙ በኋላ የሚገረሙት በዚህ ነው፤ መገረማቸውም የሚመጣው ፊርማው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎትም ቢሆን ይህን አይለውጠውም። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ሌሎችም ባንኮች ይህንኑ አገልግሎት ስለሚሰጡ፣ የጅማ ሙስሊም ነጋዴ ሰፋ ያለ ምርጫ አግኝቷል። ሆኖም በዚህ አገልግሎት እጅግ የሚሠራበት ሙራባሃ የሚባለው ነው፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ ለነጋዴው በዱቤ ይሸጥለታል። ዕዳው እንደ ማንኛውም ዕዳ የገዢው ነው። አባቶች የሚያውቁት፣ ባለ ገንዘቡ ኪሣራውን አብሮ የሚሸከምበት ሙዳረባ፣ በብድር መስኮት በኩል እምብዛም አይገኝም።

ስለሆነም ማኅበሩ የሚጠብቀው ከባንኩ ሳይሆን ፊርማ በእጃቸው ከሌላቸው ከሌሎቹ ባለ ዕዳ ጠያቂዎች ነው። እነማን ናቸው? ጀንፈሉን በዱቤ የሰጡ ሰብሳቢዎች፣ የመፈልፈያው ባለቤት፣ መጋዘን አከራዩ፣ ውሉ ፈረሰብኝ የሚል ገዢ፣ በማኅበሩ የጭነት መኪና የተጎዳ ሰው። ነጋዴው ከእነዚህ ጋር ያለው ግንኙነት አነስተኛ ከሆነ፣ በገንዘቡ ገዝቶ በገንዘብ የሚሸጥ ከሆነ፣ የማኅበር መቋቋም የሚያተርፍለት ጥቂት ነው።

የቡናው ገበያ አሠራር መለወጥም እዚህ ላይ ይገባል። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምርና ቡናም በዚያ በኩል ብቻ እንዲሸጥ በተደነገገ ጊዜ፣ አቅራቢው ቡናውን በጅማ መጋዘን አስረክቦ ገንዘቡን በገበያው የክፍያ ሥርዓት በኩል ወዲያው ያገኝ ነበር፤ ገዢው ማን እንደሆነ ማወቅም አያስፈልገውም ነበር። በ2009 ዓ.ም. በወጣው የቡና ግብይት አዋጅና ከዚያ ወዲህ በተከተሉት መመሪያዎች ግን አቅራቢ ከላኪ ጋር በቀጥታ ትስስር እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ዋጋው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ክፍያው ግን እንደ ውሉ ነው፤ ላኪው ከውጭ ገንዘቡ እስኪመጣለት አቅራቢው የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። በምርት ገበያ ብቻ ለሚሸጥ ሰው የግል ስም ይበቃው የነበረ ቢሆን፣ በትስስር በዱቤ የሚያስረክብና ራሱም በዱቤ የሚገዛ ሰው በሁለት ዕዳ መካከል ቆሟል። ለርሱ ማኅበሩ ያስፈልገዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሸሪክ መያዝስ? ጓደኛ ሲኖር ሸክሙ በግማሽ የሚቀንስ ይመስላል። በኅብረት ሽርክና ማኅበር ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ናቸው። ይህም ማለት ባለ ገንዘቡ ከሁለቱ መካከል ቤት ያለውን መርጦ ሙሉውን ዕዳ ሊጠይቀው ይችላል፤ ከፋዩ ከባልንጀራው ድርሻውን ማስመለስ የራሱ ጉዳይ ነው። ከዚህ ይልቅ ለጅማ ልማድ የሚቀርበው የእሽሙር ማኅበር ነው። በርሱም ገንዘብ ያዋጣው ሰው ለሦስተኛ ወገን አይታወቅም፤ በውጭ የሚታየው ሥራውን የሚያካሂደው ብቻ ነው፤ ትርፍና ኪሣራውን በውስጥ ይካፈላሉ። ሙዳረባን ወደ ንግድ ሕጉ ቋንቋ ለማዛወር የሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚቀርበው አያገኝም። ነገር ግን በውጭ የሚጠየቀው የሚታየው ሰው ስለሆነ፣ የውስጡን የኪሣራ ድርሻ በጽሑፍ ያላሰፈረ ሠራተኛ ትርፉን ተካፍሎ ዕዳውን ብቻውን ይታቀፋል። ጽሑፉ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል፤ በቃል የቀረው ግን የሚያጣላው ዋጋው በወደቀበት ዓመት ነው።

ባለ አንድ አባል ማኅበርን የሚመርጥ ሰው የሚከፍለው ዋጋም አለ። ማኅበር ሽያጩ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ለሒሳብ ሠራተኛ በየዓመቱ ይከፈላል። በትርፉ ላይ ከመቶ 30 ግብር ይከፍላል፤ የቀረውን ትርፍ ባለቤቱ ወደ ኪሱ ሲወስድም የትርፍ ድርሻ ግብር ይጠበቅበታል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የልማድ ለውጡ ነው። ከማኅበሩ ሣጥን ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለሠርግ፣ ለእድር ገንዘብ ማንሣት አይቻልም፤ የራሱንና የማኅበሩን ንብረት ያደባለቀ ባለቤት ሕጉ የሰጠውን ከለላ ሊያጣ ይችላል። በአንድ የእጅ ስልክ፣ በአንድ የባንክ ደብተር፣ በአንድ ኪስ መነገድ ለለመደ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ያን ሥርዓት ለመጠበቅ የማይችል ሰው በግል ስሙ ቢነግድና ብድሩን ቢያሳንስ ይሻለዋል፤ ገንዘብ ከፍሎ የማይሠራ ጃንጥላ መግዛት ምን ይጠቅማል?

ከነጋዴው መንገድ ፈጽሞ የተለየም አለ። በአጋሮ አቅራቢያ በጎማ ወረዳ ያሉ ቡና አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2010 ዱሮሚና የሚባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ በፊት የአካባቢው ቡና በጀንፈል ደርቆ በዝቅተኛ ደረጃ የሚሸጥ ነበር። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት በሙያ ረድቷቸው፣ በብድርም የቡና ማጠቢያ ተክለው እሸቱን በየዕለቱ ማጠብ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ቡናቸው በምሥራቅ አፍሪካ የጥሩ ቡናዎች ማኅበር ውድድር ከአፍሪካ አንደኛ ተባለ። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው የማሳቸው ጌታ እንደሆኑ ቀርተዋል። የማጠቢያውን ዕዳ ግን የተበደረው ማኅበሩ እንጂ አንድ ገበሬ አይደለም። በምትኩ የሚሸጥበትን ቀንና ዋጋ ብቻቸውን የመወሰን መብታቸውን ሰጡ፤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነውና። ማሳ ለሌለው፣ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ በመገመት ለሚኖር የከተማ ነጋዴ ይህ መንገድ አይሆንም። ቦሳ ኪቶ ውስጥ እየኖረ በገጠር የአባቱ ቡና ያለው ሰው ግን ሁለቱን መመዘኑ አይከፋም፤ አንዱን ለማሳው፣ ሌላውን ለሱቁ ሊይዝ ይችላልና።

ከግል ስም ወደ ማኅበር ለመዛወር የቆረጠ ነጋዴ ሥራውን በክረምት ቢጨርስ ይመረጣል። በጅማ ዙሪያ እሸቱ መቅላት ከጀመረ በኋላ በየቢሮው ለመመላለስ ጊዜ አይገኝም። የንግድ ምዝገባውና ፈቃዱ፣ የግብር ከፋይነት መለያ ቁጥሩ፣ የመጋዘኑ ኪራይ ውል፣ የባንክ ሒሳቡና የመኪናው ሊብሬ ሁሉ በአዲሱ ስም መደረግ አለባቸው፤ አንዱ በቀድሞው ስም ከቀረ በዚያ በኩል የሚመጣው ተጠያቂነት የግል ሆኖ ይቀጥላል። ያለፈው ዓመት ዕዳም ማኅበር በመቋቋሙ ብቻ ወደ ማኅበሩ አይሻገርም፤ ባለ ገንዘቡ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከተበደረው ሰው ጋር ይቀራል።